በለቅሶህ ድንኳን የቆሸሸው እርሻችን

ውዱ አባዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ከናፍቆቴ በፊት ንዴቴን ባስቀድም አትታዘበኝ፤ አንተ እያለህም አንድ ነገር ሲያንገሸግሸኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም ነበር። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ለማንም አትናገርም። ትንሿ ልጅህ ኩሜ ወደ ስድስተኛ ክፍል አልፋለች፤ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። ጸሎት ቤታችን መንግሥት እንደዘጋው ነው፤ አሁን እህል ይከማችበታል፣ አይጡም እንደ ልቡ ይፈነጭበታል። እኛም እሁድ እሁድ እቤት ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምራለን።

የምጽፍልህ ግን ስለ «እርሻ» ነው፤ ስለዚያ በእጅህ ሠርተህ ስም ስላወጣህለት ጨዋታ።

እኔና ኩሜ ከጎረቤት ልጆች ካርታ ተምረን የመጣን ቀን አልተቆጣኸንም። ካርታ ግን ቤታችን አይገባም አልክ። ከአናጢው ደጃፍ የወዳደቀ የዋንዛ ቁራጭ ለቅመህ፣ ከክሊኒክ ስትመለስ ትንንሽ አራት ማዕዘን እያደረግህ ቆረጥከው፤ በጠርሙስ ስባሪ ፍቀህ አለሰለስከው። ቀለሙም የድሬሰርነትህ የቁስል መድኃኒት ነበር፣ ከጠርሙስ ሥር የቀረ። ለእማዬ አዮዲን፣ ለእኔ ያ ቁስል ላይ የምትቀባው ሐምራዊ፣ ለኩሜ ቀይ። ያንተን ሳትቀባ ተውከው። ለብዙ ቀን ጣትህ እንደ በሽተኞችህ ቁስል ዥንጉርጉር ሆኖ ሰነበተ።

ደንቡንም ያወጣኸው አንተ ነህ። ተራ በተራ አንድ አንድ እንጨት ከየራሳችን እንጨት ጎን እያስጠጋን «እናርሳለን»፤ ሰፊ መሬት የያዘ ያሸንፋል። የሌላውን መሬት ዙሪያውን መዝጋት ግን ክልክል ነው፤ ከብቱ ውሃ የሚወርድበት አንድ መውጫ ይተውለታል። ዘግቶ የተገኘ እንጨቱን ያነሳል፣ ተራውም ያልፈዋል። እማዬ ሁልጊዜ ልትዘጋ ትሞክርና ስትያዝ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ።

አንተ ስታርፍ ድንኳን ተተከለ፤ ለቀስተኛው ከጊንጪም ከእጃጂም መጣ። ወንዶቹ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለው የሚውሉት በካርታ እንደሆነ ታውቃለህ። እማዬ ካርታ ባንተ ድንኳን ውስጥ ሲወጣ ማየት አልሆነላትም። ስለዚህ እርሻውን አውጥታ ሰጠቻቸው። እሱ የሠራው ነው፣ በዚህ ተጫወቱ ብላ ደንቡን እንባዋን እየጠረገች አስረዳቻቸው። ምስኪን፣ ቁማርን ከደጇ የመለሰች መስሏት ነበር።

ምሳ እንኳን ሳይደርስ ቁማር አደረጉት። የሚወራረዱት በአረቄ ነው፤ ካንተ ድንኳን ወጥተው በሚጠጡት አረቄ። ደንቡን የገለበጠው ደግሞ ባዳ አይደለም፣ የጌዶው ወንድምህ ጋሼ ቱሉ ነው። ይህን ሰው ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ደብዳቤ ላይ ግን አይገባውም። መውጫ መተው የሴት ጨዋታ ነው አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሸንፈው ጎረቤቱን ዘግቶ ያፈነ ሆነ። እኔ ንፍሮ ይዤ ስገባ ወንድምህ እንጨት ባነሳ ቁጥር ጣቱን ይልሳል፤ በወጥ ቅባት ላይ ምራቅ፣ በምራቅ ላይ የሲጋራ አመድ። አጠገቡ ያለው ሰው በአንዱ ሐምራዊ እንጨቴ ጥግ ጥርሱን ይጎረጉራል። ጎርጉሮ አየውና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አንተ በተቀበርህ በማግስቱ ነው ይሄ፣ አባዬ። ስምህን የሚያነሳ አልነበረም፤ ዝጋው፣ እፈነው እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

ድንኳኑ ሲነሳ ጋሼ ቱሉ እንጨቶቹን ሰብስቦ፣ የወንድሜ መታሰቢያ ይሁነኝ አለ። እማዬ የባሏን ወንድም እምቢ ማለት አልቻለችም። ኩሜ ላንተ ካለቀሰችው በላይ አለቀሰች ብልህ አትቀየማት። ያንተ መሞት ገና አልገባትም ነበር፤ የጨዋታው መሄድ ግን ወዲያው ገባት።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቴ ለሥራ ጌዶ ላከኝ። የገበያ ቀን ስለነበር ጋሼ ቱሉን ስጠይቅ ከብት ነጋዴዎቹ የሚሰበሰቡበት አረቄ ቤት አሳዩኝ። ከበሩ ጀምሮ ሽንት ሽንት ይላል። እርሻችን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ እንጨቶቹ ከእድፍ ብዛት የማን የማን እንደሆኑ ለመለየት ያስቸግራሉ። ካንተዎቹ አንዱ የአረቄ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኗል። መታሰቢያህ የተባለው እንዲህ ነው። ወንድምህ ሲያየኝ አላፈረም፣ ነይ ቁጭ በይ፣ ካሸነፍሽኝ ትወስጂዋለሽ አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ።

ቁጭ አላልኩም። «ጋሼ ቱሉ፣ ከአባቴ ቀብር ሲመለሱ እጅዎን መታጠብ ረስተዋል» አልኩት። ነጠላዬን ዘርግቼ እንጨቶቹን ከመሃል ጨዋታቸው ለቀምኳቸው። ብርጭቆውን አንስቼ ያንተንም ወሰድኩ። ማንም አልከለከለኝም። አንዱ ብቻ፣ ላሸንፍ ደርሼ ነበር እኮ ብሎ አጉረመረመ። ያ ነጠላ ከዚያ ወዲህ ገላዬን አልነካም።

እማዬ ውሃ አፍልታ በሳሙና አሸቻቸው። ቀለሙ ግማሹ ለቀቀ። ፀሐይ ብልጭ ባለች ጊዜ ኩሜ አድርቃ ዘረጋቻቸውና ተቀመጥን። ሁለቱ አኖሩ፤ የእኔ ተራ ሲደርስ እጄ እምቢ አለኝ። የታጠበው እንጨት ያረቄ ሽታ የሚሸተኝ መሰለኝ። ወጣሁ፣ ምራቄን ተፋሁ፣ እጄን ታጠብኩ፤ ደግሜም ታጠብኩ። ስመለስ እማዬ ተራዬን ጠብቃ ቁጭ ብላለች። እየቀፈፈኝ አነሳሁና አኖርኩ።

ሰው ሁሉ ይቅር በይው ይለኛል። እግዚአብሔር ሲያስችለኝ እላለሁ፤ ዛሬ ግን ያስጠላኛል። ከሁሉ የሚያስጠላኝን ልንገርህ፤ አንድ እንጨት ባነሳሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ የእሱ የተላሰ ጣት ነው፣ ያንተ እጅ ከኋላው ይመጣል። እኔ ልጅህ አልረሳህም። ከእማዬና ከኩሜ ጋር እቀመጣለሁ፤ ያንተ እጅ ቀድሞ እስኪመጣልኝ ድረስ እጫወታለሁ።

ልጅህ በቀለች፣
ከአምቦ