የተዘቀዘቀው ነዶ

ገዳሪፍ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሰሊጥ ነጋዴው ደሳለኝ ለመጋዘኑ በር ያዘዘኝን የቤተሰብ አርማ ረቂቅ ዛሬ ወሰድኩለት። አርማው በጋሻ ቅርጽ ነው፤ ጋሻው ላይ አንበሳ አለ፤ ከአንበሳው እግር ሥር የሰሊጥ ነዶ። ነዶውን እንዲያምር ብዬ ዘቅዝቄ ነበር የሣልኩት።

ዕድሜያቸውን በሰው እርሻ ሰሊጥ ሲያጭዱ የኖሩት አባቱ ጣታቸውን ነዶው ላይ አሳረፉ። «ወንድሜ፣ የሰሊጥ ነዶ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆም። እንዲህ ከተዘቀዘቀ ፍሬው ይረግፋል» አሉኝ።

ላስተካክለው እርሳስ ሳወጣ ደሳለኝ ከለከለኝ።

«አንበሳው ማን ነው?» አሉ አባቱ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እኔስ?»

«ነዶው። አንተስ ረግፈህ አልቀህ የለ?»

ሰሊጥ ሊገዙ መጥተው እዚያው መጋዘኑ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደሳለኝ ወረቀቱን ከአባቱ ጣት ሥር ስቦ ፈረመበት።