እማዬ ሳሎን ያቆምኩት የሕዝብ ስልክ

ጉርድ ሾላ፣ እሑድ ሰኔ 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

የጌታ ሰላም ባለሽበት ሁሉ ከአንቺ ጋር ይሁን። እንደምን ከርመሻል? ጁነይድስ እንዴት ነው? የበርበሬው ንግድ ይዞለታል? ሐቢባ መቼም አድጋለች፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሳትገባ አትቀርም። ሃላባ ዝናቡ ጀመረ ወይ? እኛ ጋ ሰኔ ገና በሁለተኛ ቀኑ ጭቃውን አምጥቶብናል። ለባቡሩ ተብሎ መንገዱ ከመገናኛ እስከ አያት ስለተቆፈረ ሰው በሳንቃ ላይ እየተንገዳገደ ነው የሚሻገረው። እኔ ደህና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ።

ምነው አትደውልም ነበር ትይኝ ይሆናል። ስልክ ሰልችቶኛል እህቴ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ስልክ ስጠግን ኖሬ፣ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ያበጀሁት አንድ ስልክ ምን እንዳደረገኝ ልነግርሽ ነው። ቤት ስትደርሺ ሰው ስለሚበዛ የምንነጋገርበት ፋታ አናገኝም። ስለዚህ ሊያመጣችሁ የሚሄደው ጎረቤታችን አቶ ፍሥሐ መኪናውን ነዳጅ ሞልቶ እስኪመለስ ጓዳ ገብቼ እየጻፍኩልሽ ነው። ደብዳቤውን ለጁነይድ ይሰጠዋል፣ ጁነይድ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ለአንቺ። ከእሱ ጋር ጠዋት በሞባይል ተነጋግረናል። ስለ እማዬ ገና ምንም አላልኩሽም፤ እደርስበታለሁ፣ ታገሺኝ።

ጁነይድን ለማግባት ከቤት የወጣሽ ዕለት እማዬ ያለችውን አትረሺውም። ከዚህ ቤት ስልክ ወደ እሷ አይደወልም አለች። ስልኩን የእንጨት ሣጥን አሠርታ ጓጉንቸር አደረገችበት፣ ቁልፉንም መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ለአንቺ ብላ የቆለፈችው ለሁላችንም ተቆለፈ፤ የስልክ ሠራተኛው ልጇ ለመደወል ሱቅ እሄድ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእማዬን ግን ማን ደፍሮ ሊያሸው! አንዴ ካለች አለች ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ከአምልኮ ስትመለስ መዘግየት ጀመረች። አንድ እሑድ ተከተልኳት። ጉርድ ሾላ መጋጠሚያው ላይ የቀረችው አንዲት የሕዝብ ስልክ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ሞባይል ከያዘ ወዲህ ዝናብ ሲመጣ መጠለያ ካልሆነች ማንም አይጠጋትም። እማዬ እሷ ሥር ቆማ ከመሐረቧ ሃምሳ ሳንቲም ፈትታ ስትጨምር አየኋት። የምትደውለውን ቁጥር ከጣቷ አካሄድ አነበብኩት፤ ሙያ ነውና አትፍረጂብኝ። የሃላባ ቁጥር ነበር። አዳመጠች፣ አዳመጠችና ምንም ሳትናገር ሰቀለችው። እንግዲህ በየእሑዱ እየተደወለልሽ ዝም ይልሽ የነበረው ሰው እሷ ናት። የከለከለችው የቤቱን ስልክ ነው፤ የሕዝብ ስልክ ደግሞ የቤታችን አይደለም። ቃሏን ሳታፈርስ በጎን መዞሯ ነበር።

እንዳላየ ሆኜ ተመለስኩ። አምስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ስለሆነ በእጄ ነክቼ እንዳላበላሸው ፈራሁ።

የካቲት ላይ ቆፋሪዎቹ መጡና ስልኳን ከነምሰሶዋ ነቀሏት። በሚቀጥለው እሑድ እማዬ እንደ ልማዷ ሄደች፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሳንቲሟን ጨብጣ ቆማ ሳለች፣ አንድ የቀን ሠራተኛ እማማ ገደል ይገባሉ ብሎ በክንዷ ደግፎ መለሳት። ያን ዕለት አላስቻለኝም፤ ሞባይሌን አውጥቼ በዚህ ደውይ አልኳት። የተሰረቀ ዕቃ ያቀረብኩላት ያህል አየችኝና፣ አንተ የዚህ ቤት ልጅ አይደለህም እንዴ፣ ስልክህስ የዚህ ቤት ስልክ አይደለም እንዴ አለችኝ።

እንግዲያው የሕዝብ ስልኩ ራሱ ቤት ይምጣ አልኩ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ አካሉ የሚባል ሰው ሱቅ ግድግዳ ላይ በወጣትነቴ የተከልኩት አንድ ስልክ ነበር። ወጥቼ ባየው እዚያው አለ። መሥመሩ ከተቆረጠ ዘመን አልፎታል፤ አካሉ የክብሪት ካርቶን ይደረድርበታል። ብረቱን ፈልጌ መስሎት፣ ይሄ እኮ ከሞተ ቆየ፣ ለቆራሌ እንኳ አይሆንም አለኝ። የምፈልገው ሆዱን ነው ብለው ሳቀብኝ፤ ቢሆንም ፈትቶ አሸከመኝ። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ በትከሻዬ ነው ያወረድኩት። አሁንም ጎኔን ይወጋኛል።

ስከፍተው የሳንቲሙ መውረጃ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጉንዳን ቤት ተደፍኗል። በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ የዛገውን ሞረድኩ፣ የሞተውን ባትሪ ቀየርኩ፣ የተነቀለውን ሽቦ በብየዳ መለስኩ። አንድ ወር ፈጀብኝ። እማዬ በጠረጴዛው አጠገብ ስታልፍ ምን እንደምሠራ አልጠየቀችኝም። መጨረሻ ላይ ሳሎን ግድግዳው ላይ ስሰቅለው መጥታ ቆመችና፣ ይሄ የማን ነው አለች። የሕዝብ ነው አልኳት። ሳንቲም ይበላል ወይ አለች። ይበላል አልኳት። ካልበላማ የቤት ስልክ ነው ብላ ሄደች። መሥመሩ ከተቆለፈው ሣጥን ጀርባ መውጣቱን ሳታይ የቀረች አይመስለኝም፤ እሱን ግን አልጠየቀችኝም።

አሁን ጥፋቴ ጋ ደረስኩ። ትንሽ ሙያ ነገር አለበትና ታገሺኝ። የሕዝብ ስልክ ተጠራጣሪ ነው። ወዲያ ማዶ ሰው ሲያነሣ ከስልክ ጣቢያው ምልክት ይመጣለታል፤ ያን ጊዜ ሳንቲሙን ይውጣል፣ የደዋዩንም ድምፅ ይለቃል። ምልክቱ እስኪመጣ ደዋዩ የዚያኛውን ይሰማል እንጂ የራሱ ድምፅ አይወጣለትም፤ ሰው ሳይከፍል እንዳያወራ ነው። በመኖሪያ ቤት መሥመር ደግሞ ይህ ምልክት አይመጣም። ስለዚህ ስልኩ ምልክት ሳይጠብቅ እንዲሠራ ፕሮግራሙን መለወጥ ያስፈልጋል፦ አንድ ቁጥር ለሳንቲሙ፣ አንድ ቁጥር ለድምፁ። ቁጥሮቹ ከድሮ ማስታወሻዬ ውስጥ ነበሩ። የሳንቲሙን ለወጥኩ። እማዬ አጥብቃ የጠየቀችኝ ስለ እሱ ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። የድምፁን ሳልነካው ረሳሁት። ስሞክረውም በነጻ የሚደወል የመረጃ ቁጥር ደወልኩና ልጅቷ ጥርት አድርጋ ሰማችኝ። ነጻ ቁጥር ላይ ድምፁ ሁልጊዜም ክፍት እንደሆነ እኔ፣ ስንቱን ጀማሪ ያስተማርኩ ሰው፣ ትዝ አላለኝም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከአምልኮ እንደተመለሰች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳንቲም ጨመረችና ደወለች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። እንደ ወትሮው የምትሰቅል መስሎኝ ነበር። አልሰቀለችም፤ ተናገረች። ጆሮ መጣሌ ነውር እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ግን ዛሬ ለአንቺ የሚነግርሽ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። እንዲህ ነው ያለችው፦

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። እናትሽ ነኝ። አትዝጊብኝ። ያን ቀን ጁነይድ በሩ ላይ ቆሞ ዝናብ ሲመታው በመስኮት አይቼው ግባ አላልኩትም። ስድስት ዓመት ዝናብ በመጣ ቁጥር እሱ ነው የሚታየኝ። የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለችው። ሐቢባን አምጪልኝ። ስሟን ከወንድምሽ ሰምቼ ብቻዬን ስሆን እጠራዋለሁ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ከዚያ አዳመጠች። አንቺ ምን እንዳልሽ አልሰማሁም፤ በኋላ ነው የነገረችኝ። አንቺ ምን ታደርጊ! ለአንቺ ያው የተለመደው ዝም የሚል ስልክ ነበር፤ ወራት ሙሉ አንገፍግፎሻል። ማን እንደሆናችሁ ማወቅ አልፈልግም፣ ሁለተኛ እዚህ ስልክ እንዳትደውሉ ብለሽ ዘጋሽው። እማዬ ግን ያን ሁሉ ተናግራ ስትጨርስ ያገኘችው መልስ ይሄ ሆነ። የሰማሻት መስሏታል። ስልኩን ቀስ ብላ ሰቀለችና፣ እውነቷን ነው ብላ መኝታ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ ወደ ስልኩ ዞራ አላየችም። እኔም እልኸኛዋስ አንቺ ነሽ ብዬ ተቀየምኩሽ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ያን ሳምንት ብርድ መታት፣ ሳሉ ደረቷ ላይ ወረደና አልጋ ያዘች። ሐኪም አይቷታል፣ መድኃኒትም ነበራት፤ ምግቡ ግን አልገባ አላት።

ባለፈው ሐሙስ የድሮ ባልደረባዬ ከበበ ጋ በዚያው ስልክ ደወልኩ፤ በጥገናዬ ልኩራራበት ብዬ ነው። ሃሎ ሃሎ ይለኛል፣ እመልስለታለሁ፣ እሱ ግን ይጮኻል። ሰደበኝና ዘጋው። ወዲያው በሞባይሌ ስደውልለት፣ አንተ ነህ እንዴ እንደ ሌባ ዝም የምትለው አለኝ። ምን እንዳደረግኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

እየሮጥኩ ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። አልሰማችሽም፣ አንዲት ቃል አልደረሳትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። ስታለቅስ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። ሳቀች እህቴ! እስክታስላት ሳቀች። እንግዲያው ያባረረችው ሌባ ነው እንጂ እኔን አይደለም አለች። በይ አሁኑኑ ደውይ፣ ደግፌ ላንሣሽ አልኳት። እምቢ አለች። በሳል መሐል ይቅርታ አይጠየቅም፣ እሑድ ትንፋሼ ሲመለስ እደውላለሁ፣ አንተም ከእኔ ቀድመህ እንዳትነግራት አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። ሦስት ቀን ምን አላት ብዬ። ይህን እሺታዬን ነው አሁን መዋጥ ያቃተኝ።

ስልኩን ያኔውኑ አስተካከልኩት። ከበበ ጋ ሦስት ጊዜ ደውዬ አረጋግጫለሁ። እሷ ከዚያ ወዲህ ተሽሏት ነበር፤ ዓርብ ሾርባ ጠጣች፣ ትናንት ፀጉሬን አበጥሩልኝ አለች። የምትለብሰውንም ቀሚስ መርጣ ወንበር ላይ አስደርጋለች። ሐቢባ ስልክ ላይ ትመጣ ይሆን ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻይ ይዤላት ገባሁ።

ሌላውን ስትመጪ እንነጋገራለን።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ለአንድ ነገር ነው። አንቺ ማንን እንዳባረርሽ አላወቅሽም፤ እሷም እንዳላወቅሽ ዐውቃለች፣ ስቃበታለች። ከሐሙስ እስከ ትናንት ማታ ፊቷ ላይ ቅያሜ አልነበረም። ማንም ሌላ ነገር ቢልሽ አትመኚ፣ ራስሽንም እንዳትበዪ። የሚወቀስ ካለ እኔ አለሁ።

ዛሬውኑ ተነሡ። ለምን ብለሽ ፍሥሐን አታድክሚው፣ አይነግርሽም። ጉርድ ሾላ ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ቤት አትግቡ፤ እትዬ በለጡ ቤት አልጋ ተዘጋጅቶላችኋል፣ እዚያ እደሩ። ጠዋት እኔና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ እንመጣለን። ነጠላ ያዢ። ሐቢባ ትምጣ። ጁነይድም ከጎንሽ ሆኖ በዋናው በር ይግባ፤ በሩን ከወዲሁ ከፍቼዋለሁ።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቅሻለን። አንቺ ሳትደርሺ የሚንቀሳቀስ ሰው አይኖርም፤ ለሁሉም ነግሬያለሁ።

የእናትሽ ልጅ፣
ወንድምሽ