መልእክት በውሻ በኩል

በዳርዊን ከተማ ሆስፒታል ለተኛሽው ልጄ ለሮዛሊን፣

የባሕሩ ነፋስ ሰላምታዬን ያድርስልሽ። ልብሽን የሚጠግኑት ሐኪሞች እንዴት ያዙሽ? እኛ ደህና ነን።

ልጅሽን ሌቲሻን ጉሮሮዋን አመማት። መኪና ያለው ባልሽ ብቻ ነው፤ አማትና አማች ደግሞ በአያቶቻችን ሕግ አንነጋገርም። ጀርባዬን ሰጥቼ ለውሻው፣ «ጌታህ ዓሣ ማጥመዱን ትቶ ክሊኒክ ካላደረሰን አንተን ነው የምነክስህ!» አልኩት።

ባልሽም ለውሻው፣ «ሞተሩ ተነሥቷል፣ አትነከስም በላት» አለው።

ሌቲሻ መርፌዋን ተወጋች። ነርሷ ልቧን አዳምጣ «ጤነኛ ነው» ስትለኝ፣ «እባክሽ ድገሚው» አልኳት። ደገመችው፤ ጤነኛ ነው! «የጉሮሮ ሕመም ልብ ይጎዳል» የሚለውን የግድግዳ ጽሑፍ አሁን ራሴ አነበዋለሁ። አንቺ ልጅ ሳለሽም እዚያው ተለጥፎ ነበር፤ ያኔ ግን ማንበብ አልችልም ነበር።

ዛሬ ሌቲሻ ወንዶቹን ሁሉ በሩጫ ቀደመቻቸው። «እማዬ ስትመጣ እሷንም እቀድማታለሁ» ትላለች። ቶሎ ነይና አሳፍሪያት።

ጉንጭሽን የምትስም እናትሽ ዱልሲ