እማዬ ያስጠናችኝ ፕሮጀክት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ናፍቆቴ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ እኔማ በደስታ ቤቱ ጠቦኛል። የሕዝብ አስተዳደር ማስተርሴን የመጨረሻ ፕሮጀክት ትናንት አቅርቤ አለፍኩ።

ያጠናሁት የማዘጋጃ ቤቱን የውሃ ክፍል ነው፤ ባለጉዳይ በየመስኮቱ ችግሩን እንደ አዲስ እንዳይተርክ ምን ይደረግ ብዬ። ከፈታኞቹ ቁጡው መምህር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «እስቲ ምንም ለማያውቅ ሰው አስረጂ» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩ። እማዬ በየጠዋቱ «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?» እያለች ስታስጠናኝ ከርማ የለ? ሁልጊዜም ከሀ ጀምሬ ነበር የምነግራት። ሳልደናቀፍ አወረድኩለት። «ማን አሠለጠነሽ?» ሲለኝ «እናቴ» አልኩት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ማታ ማለፌን ስነግራት አገላብጣ ሳመችኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ፈተናሽ መቼ ነው?» አለችኝ። ማለፌን ነገርኳት፤ እንደገና አገላብጣ ሳመችኝ። አንዱን ደስታ ሁለቴ መደሰት ለማን ይደርሳል?

ለምርቃቴ ና፤ አለቃዬ አልለቀቀኝም ብለህ እንዳትቀር። እስከዚያው ለእማዬ ስትደውልላት አስቀድመህ ስምህን ንገራት፤ ደስ ይላታል።

ሁሌ በዓይኗ ውል የምትልባት፣
ታናሽ እህትህ