ጸሎት ያልደረሰበት አምባሻ

ጥቅምት 12

ብርድ። የአያት ሰፈር ንፋስ ሱቁ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ሲሰፋ ዋለ። ለመዘምራኑ ጋዋን የመጣው ሰማያዊ ጨርቅ አነሰ… ማነው የለካው? እኔው። አሁን ለሁለት ሜትር ጨርቅ መርካቶ ልወርድ ነው፣ ወይ ጣጣ!

ማታ ስገባ የማዶ ጎረቤቴ ኣምለሰት በሯ ላይ ጠበቀችኝ። የሚካኤል ዝክሯ ነው። እንደ ሁልጊዜው ትኩስ አምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ፣ "እንኪ ዘርትሁነይ፣ ሳይቀዘቅዝ።" ሳምኳት፣ አመሰገንኳት። በሬን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁና ወረድኩ፣ ለዘበኛው ለአብዲሳ ሰጠሁት። የተዘከረ ነገር አልበላም። ጌታን ከተቀበልኩ ጀምሮ በልቼ አላውቅም። እሷን ደግሞ ማስቀየም አልፈልግም። ታዲያ ምን ላድርግ? አብዲሳ እንደሆነ ይወደዋል።

ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ከልጄ ቀጥሎ የምጠራው የሷን ስም ነው። "ጌታ ሆይ፣ ኣምለሰትን አድናት።" ባሌ ኢዩኤል የሞተብኝ ጊዜ አልጋዬ ስር ፍራሽ አንጥፋ የሰነበተች ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሰው ሳትድን ትቅር? አይሆንልኝም።

ጥቅምት 17

መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ቢሆንም ልጻፈው።

ማራናታ ከቦሌ፣ ከቢሮዋ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "ማሚ፣ እስኪ ቁጭ በይ።"

ቁጭ በይ ስትለኝ ባል የመጣላት መሰለኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

"ክርስትና ልነሳ ነው።"

"ምን ማለት ነው? እስከ ዛሬ ምን ነበርሽ?"

"ኦርቶዶክስ ልሆን ነው ማለቴ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ተማርኩ። ሳሊተ ምሕረት። ኅዳር ስምንት ነው።"

አንድ ዓመት! ያ ሁሉ "ኦቨርታይም ነው ማሚ" ለካ…

"ወንድ ነው?"

"ማሚ ፕሊስ! ወንድ የለም።"

ወንድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወንድ ያልፋል። ይህ ግን?

በቤተክርስቲያናችን ገንዳ ውስጥ ስትጠመቅ ፎጣ ይዤ ዳር ላይ የጠበቅኳት እኔ ነኝ። "ያኛው ጥምቀትስ?" አልኳት። "ያኔ የተቀበልኩትን ጌታ አልተውኩትም እኮ" አለችኝ። "ቅዳሴ ላይ ስቆም ዝም ማለት እችላለሁ። ዝም ስል ይሰማኛል ማሚ። እኛ ጋ ያንን አጣሁት።" ዝም ለማለት ተብሎ ሃይማኖት ይቀየራል? ዝም ማለት ከፈለገች ቤት ውስጥ ዝም አትልም?

"የክርስትና እናትሽ ማን ናት?"

ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። ከበራችን ማዶ ያለው አንድ በር ብቻ ነው።

"አልመጣም" አልኳት። "እዚህ ቤትም ነጠላ ለብሰሽ እንዳላይሽ።"

"እሺ" አለች። አልጮኸችም። እሺ ስትል ቁርጥ አባቷን።

ጥቅምት 18

ኣምለሰት አንኳኳች። አልከፈትኩም። ቤት መኖሬን ታውቃለች፤ ሬዲዮው ይሰማል።

ጥቅምት 20

ልጄ ትጠፋብኛለች? ሌላውን ሁሉ ትቼ የማስበው ይህንኑ ነው። ሲኦል የሚባለውን ነገር ለሌላ ሰው ልጅ ሳስተምር እንዲህ አይከብደኝም ነበር። መንገዱ አንድ ነው ብዬ ነው ያሳደግኳት። መንገዱ እሱ ነው አልኳት እንጂ የኛ አዳራሽ ነው አላልኳትም… ወይስ ብያታለሁ? ሳላውቀው ብዬ ይሆን?

አንድ ቤት ውስጥ ነን፣ "እንጀራ አለ" "በልቻለሁ" ብቻ ሆነ ወሬያችን።

ጥቅምት 21

ጊምቢ ደወልኩ፣ ለአባዬ። አባቴ ጉዲና የመካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ እድሜ ልካቸውን። ያግዙኛል ብዬ ነበር። ልጅቱን በስልክ ይቆጧታል፣ ያስለቅሷታል፣ ትመለሳለች… እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ነገሩን ሳልጨርሰው ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ!

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

"ጴንጤ ሆኜ እንደገና ተጠመቅኩ ብለሽ ከአዲስ አበባ ስትጽፊልኝ እኔን አስፈቅደሽ ነበር? እኔ በሕፃንነትሽ አስጠምቄሽ፣ ያ ውኃ አነሰኝ ብለሽ ወንዝ ገባሽ። እናትሽ ከብት የሞተብን ይመስል ሳምንት አለቀሰች።"

"ያ እኮ ሌላ ነው አባዬ።"

"ለሁሉም ሰው የራሱ ሌላ ነው።"

ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ያን ጊዜ ጠፋችብኝ ብዬ ነበር" አሉ። "ጠፋሽ? ይኸው ሲከፋሽ ለኔ ትደውያለሽ።" ከዚያ ስለ በቆሎው አወሩኝ። ዝናቡ አልቆም ብሎ መሰብሰቡ ዘግይቶባቸዋል።

ጥቅምት 25

ሄኒ ጋዋኗን ልትለካ መጣች፣ ከመዘምራኑ አንዷ። ወሬው ደርሷታል። ወገቧን እየለካሁ፣ "አይዞሽ እትዬ ዘርትሁን፣ ማራናታ ወደ ጨለማ ብትሄድም ጌታ ይመልሳታል፣ እየጸለይን ነው" አለችኝ።

ጨለማ? ልጄ ናት ጨለማ የምትገባው? ሜትሩን ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት። "ኧረ እትዬ፣ አመመኝ!" አለች። ይመምሽ! እኔ ራሴ ስምንት ቀን ሙሉ ሳስብ የከረምኩትን ነው የደገመችው፣ ይታወቀኛል። ግን ከሰው አፍ ሲወጣ አንገበገበኝ።

ጥቅምት 27

ኣምለሰት ሱቅ ድረስ መጣች። ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች እንዳልል ፊቷ አመድ መስሏል። ወንበር አልሰጠኋትም። ራሷ ጨርቁን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

"ምነው ሳትነግሪኝ?" አልኳት።

"በራሷ አፍ ትንገርሽ ብዬ ነው። እኔማ ደጋግሜ እምቢ ብያታለሁ። እናትሽን አላስቀይምም አልኳት።"

"ኋላስ?"

"ኋላ ሌላ ሴት ልትፈልግ ሆነ። የማናውቃት ሴት ያንቺን ልጅ ልታነሳ? ወይለይ! እኔ ካነሳኋት ከዚሁ ከኮሪደራችን አትወጣም ብዬ ነው።"

እርር ድብን ብዬ ስለነበር አፌ ያገኘውን ተናገረ። "አንቺ መጀመሪያም በዝክርሽ ነው ቤቴን የከፈትሽው! በየወሩ አምባሻ፣ አምባሻ…"

ሳቀች። በዚህ መሃል ሳቀች!

"የትኛው አምባሻ? አብዲሳ የሚበላው?"

ክው አልኩ።

ለካ ታውቃለች። ከድሮም ታውቃለች። አብዲሳ አንድ ቀን "እትዬ፣ አምባሻዎ ይጣፍጣል" ብሏት ነው የነቃችው። የተዘከረ እንደማልበላ ገባት። ከዚያ ወዲህ ቄሱ መጥተው ሳይባርኩ አንድ አምባሻ ለብቻው ታወጣልኝ ነበር። ጸሎት ሳይደርስበት፣ ሕሊናዬን እንዳይቆረቁረኝ ብላ! እኔ ደግሞ የተዘከረ መስሎኝ ይዤ ወደ አብዲሳ።

"ለዘርትሁን እያልኩ ለአብዲሳ ስጋግር ኖርኩ" አለችኝ።

"ምነው ታዲያ አትነግሪኝም?"

"አንቺስ ምነው አልነገርሽኝ?"

ውጭ ባቡሩ አለፈ።

ከዚያ ጠየቅኳት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። "ኣምለሰት፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ የምድን ይመስልሻል?"

ቁራጭ ጨርቅ አንስታ በጣቷ ስታሻሽ ቆየች። "እሰጋልሻለሁ" አለች። "አልዋሽሽም። ጠዋት ጠዋት ኪዳነ ምሕረትን፣ ዘርትሁንን አደራ፣ ከልጅሽ አማልጃት እላታለሁ።"

ጠዋት ጠዋት! እኔም ነገርኳት፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ጌታ ያድናት እያልኩ እንደምጸልይላት። አፏን ከፍታ አየችኝ። በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ ሆነን፣ ይህን ሁሉ ዓመት፣ አንዳችን ለአንዳችን መዳን ስንለምን! ልቀየማት ፈለግኩ። አልቻልኩም። እሷም የምትቀየም አትመስልም።

ጥቅምት 28

ሥራ አልያዝ አለኝ። ሁለት ጊዜ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁ።

ያ የጦርነቱ ጊዜ ትዝ አለኝ። ስልክ ተቋርጦ፣ ወንድሟ ዑቕባይ ዓዲግራት ይኑር ይሙት ሳይታወቅ… ሳሎኔ ውስጥ አብረን ነበር የምንጸልየው። እኔ ተንበርክኬ እየጮህኩ፣ እሷ ወደ ምሥራቅ ዞራ በሹክሹክታ። የደወለ ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቃቅፈን ስንጮህ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ወጣ። ያን ቀን የማንን ጸሎት ሰማ? የኔን? የሷን? ያኔ አልጠየቅኩም። ደስታው በቃኝ።

ቤተ እምነት አያድንም፣ የሚያድነው ጌታ ነው ብዬ ስንቱን አስተምሬያለሁ። እንግዲህ የኔ ቤተ እምነት እኔን ካላዳነኝ የልጄ ምርጫ እንዴት ያጠፋታል? ወይስ ልጄ ስለሆነች ነው እንዲህ የሚመቸኝን የማስበው? የሰው ልጅ ብትሆን እንዲህ እል ነበር? እንጃ። ልዩነቱ ትንሽ ነው ማለትም አልችልም። ማርያምን መለመን አልችልም፣ አፌ እምቢ ይላል። ልጄ ደግሞ ትችላለች። ሁለታችንንም አንዱ ጌታ ያየናል… ምን ብሎ ያየን ይሆን?

ኅዳር 6

ማራናታ ነጭ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ ገዝታ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቃለች። ደብቃም አላወቀችበትም፣ ጫፉ ወጥቷል። አላየሁም ልል ነበር። ግን የስፌት ነገር! ጠርዙ በግራ በኩል ይረዝማል። ትከሻው ተነስቶ ቀርቷል። ማነው ይህን የሰፋው?

የዘርትሁን ልጅ፣ የስንት መዘምራን ልብስ የምትሰፋ ሴት ልጅ፣ በሰው ፊት ጠርዙ ተንጋድዶ? ወደ ሱቅ ይዤው ወረድኩ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ትከሻውን ዝቅ አደረግኩ። የሷን ልክ መለካት አያስፈልገኝም።

መልሼ ሰቀልኩት። ማራናታ ገብታ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ሰማሁ። ማታ እራት ላይ መጥታ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ወጡ እስኪቀዘቅዝ እንደዚያው ሆነን ቆየን።

"ትመጫለሽ?"

"አልመጣም ብያለሁ።"

ኅዳር 8

ሄድኩ።

አልሄድም ብዬ ተኝቼ ነበር። ማለዳ ልጄ እግሯን እየቆጠበች ወጣች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የኣምለሰት ድምፅ። ከፈትኩ። ሁለት ነጠላ ይዛ ቆማለች፣ አንዱ የተለበሰ፣ አንዱ የታጠፈ።

"ይኼኛው የማን ነው?"

"ለብርድ ነው" አለች። ውሸቷን ነው። ተቀበልኳት።

ማራናታ ነጠላ ለብሼ ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች። "ብርድ ነው" አልኳት።

ሳሊተ ምሕረት ስንደርስ፣ ጥምቀቱ ከሚፈጸምበት ቤት በር ላይ ቆምኩ። አልገባሁም። ከዚያ ሆኜ ይታየኛል። ልጄ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደች። ወደ ምሥራቅ ዞራ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ አምናለሁ አለች። እነዚህን ስሞች አፏን ስትፈታ ያስተማርኳት እኔ ነኝ! ሳላስበው፣ ልክ እንደ እሁድ ፕሮግራማችን፣ "አሜን! ጌታ ይክበር!" ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ቄሱ ከመጽሐፋቸው ቀና አሉ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ልጄ ግን ሳቋ መጥቶ ከንፈሯን ስትነክስ አየኋት። ቄሱም ቀጠሉ።

ወለተ ማርያም ተባለች። ለኔ ማራናታ ናት፣ እስክሞት። ማተቡ ሲታሰርላት አለቀስኩ። የደስታ ነው ብዬ አልዋሽም፣ ለራሴ ዋሽቼ ምን ሊጠቅመኝ? ቀሚሱ ግን ልክ ሆኖላታል።

ስንወጣ አንዲት ትልቅ ሴት ኣምለሰትን ያዟት። "ይቺ ቅድም የጮኸችው ማን ናት?"

ኣምለሰት ክንዴን ያዘች። "አበልጄ ናት።"

አበልጅ… ልጅ የወለደና ልጅ ያነሳ አበልጅ ናቸው፣ ማንም ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ስለሌለ ግን እኔ ላይ ይደርሳል ብዬ አስቤው አላውቅም። ልጄን የወሰደችብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ዘመዴ ሆናለች። በመልስ መንገድ ታክሲው ውስጥ እጇን አልለቀቅኳትም።

ኅዳር 12

የኅዳር ሚካኤል። ሰማያዊው ጋዋን አለቀ፣ ሄኒ መጥታ ወሰደች። ወገቡ ጠበባት… አላውቅም፣ ስለካ ሳብኩት መሰለኝ። አሰፋላታለሁ።

ማታ ኣምለሰት አንኳኳች። "እንኪ፣ ያንቺው ነው። ጸሎት አልደረሰበትም።" ማራናታ ከኋላዋ የተባረከውን ይዛ ገባች፣ የራሷን ድርሻ። አንድ ጠረጴዛ ላይ እኔ የኔን ቆረስኩ፣ ልጄ የሷን። ጥቁር አዝሙድ አለው! ስንት ዓመት አመለጠኝ! ግማሹን በቁሜ ጨረስኩት።

አብዲሳ ከታች ጠራኝ። "እትዬ፣ ዛሬ አምባሻ የለም እንዴ?"

"ዛሬስ በላሁት!" አልኩት። ፊቱ ጥቁር አለ፣ ምስኪን። ኣምለሰት ሌላ አወረደችለት።

ኅዳር 13

ጠዋት ተንበረከኩ። አፌ ለምዶበት "ጌታ ሆይ፣ ኣምለሰትን…" ብሎ ጀመረ። ቆምኩ። እሷም ይሄኔ እዚያ ማዶ ቆማ የኔን ስም እየጠራች ይሆናል።

"…አበልጄን ባርክልኝ" አልኩ። ልጄንም። የቀረውን አንተ ታውቃለህ አልኩት።

ማራናታ ተኝታ ስለነበር አሜን ያልኩት በቀስታ ነው።