ከበሩ ኋላ የነበሩት ሰው፦ የፎቶ አንሺው የአቶ ፈንታሁን ወልደሐና ሕይወት

ወንድማችን አቶ ፈንታሁን ወልደሐና ከአባታቸው ከመምሬ ወልደሐና ብሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አረጋሽ ይመር ኅዳር 12 ቀን 1925 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርት ደሴ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። አባታችን ለድቁና ሲያስቧቸው፣ እሳቸው ደሴ ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ደጃፍ አልነሣ አሉና በ1943 ዓ.ም. እዚያው ተቀጠሩ።

በ1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ ገበያነሽ እንድሪስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፀሐይነሽንና ብሩን ወለዱ። የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከከፈቱ በኋላ እንጀራቸው ጉርድ ፎቶ ቢሆንም ልባቸው ሕንፃ ላይ ነበር። ደሴ ያለውን የአይጠየፍ አዳራሽ፣ ጣሊያን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሠርቶ የሄደውን ባለ ቅስት ቤት፣ የገጠሩን መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ በኋላም አዲሱን ፋብሪካ ሁሉ አንሥተዋል። ከሕንፃ ፊት ሰው ሲቆምባቸው አይወዱም፤ «ሰው መስመር ያበላሻል» ይሉ ነበር። ሰው ያልገባበትን ፎቶ ከጀርባው ቦታና ቀን ጽፈው መጨረሻ ላይ «ባዶ» ይሉበታል። እኛም ለግንብ እንጂ ለዘመድ ጊዜ የላቸውም እያልን እናማቸው ነበር።

በ1969 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት የደሴንና የኮምቦልቻን ነባርና አዳዲስ ቤቶች አንሥተው እንዲያስረክቡ አዘዛቸው። ኮምቦልቻ ላይ ባል የሞተባቸውን ወይዘሮ ዘሀራ ሀምዱን በአሮጌው ቤታቸው ደጃፍ ቆመው አገኟቸው። «እናቴ፣ ትንሽ ገባ ይበሉልኝ» አሏቸው። ገብተው በሩን ዘጉ። ወንድማችን ፎቶውን አነሡ፤ እንደ ልማዳቸውም «ባዶ» ብለው ጻፉበት።

መሥሪያ ቤቱ ግን ቤቱ ሰው የማይኖርበት ነው ብሎ አነበበው። ወይዘሮ ዘሀራ ለለቅሶ ቢስቲማ ከርመው ሲመለሱ ሌላ ሰው ገብቶበት ቆያቸው። ወንድማችን ስሕተቱን ለማስረዳት ያላንኳኩት ቢሮ የለም። ጊዜውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የተጻፈ ተጽፏል ተባሉ። ወይዘሮ ዘሀራ ወደ ተጠጉበት ዘመድ ቤት ሐርቡ ድረስ ሄደው «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» ሲሏቸው፣ ወይዘሮዋ «ወላሂ ስለ ቤቱ አይደለም። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ባዶ መባሌ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ወንድማችን እንደ ቀድሞው አልሆኑም። እጃቸው ላይ የቀረውን የዚያን ፎቶ ቅጂ በማጉያ መነጽር ሲያዩት፣ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሁለት እግር ጥላ አገኙ። በሌሎቹም ፎቶዎች በየመጋረጃው፣ በየስንጥቁ ሰው መፈለግ ጀመሩ። ቤት ለቤት እየዞሩ «የዚያን ቀን ውስጥ ማን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ባዶ» የሚለውን ፍቀው ስም ይጽፋሉ። በአንዳንዱ ቤት ስሙ የተነገራቸው ልጅ በ1970 ወጥቶ አልተመለሰም፤ ለእናቱ የቀረላት ያ የመጋረጃ ጥላ ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ እኅታቸው አልጣሽ፣ ይተዉት ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። የወይዘሮ ዘሀራ ፎቶ ግን እንዳለ ቀረ፤ ሳይፈቅዱልኝ ስማቸውን አልጽፍም አሉ።

ወንድማችን በሳንባ ሕመም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ፣ የካቲት 3 ቀን ወይዘሮ ዘሀራ ከሐርቡ በምርኩዝ መጥተው የክፍሉ በር ላይ ቆሙ። «ገባ ይበሉ ብለኸኝ አልነበር፣ ፈንታሁን? ይኸው ገባሁ። አውፍ ብያለሁ፤ አላህም አውፍ ይበልህ» አሏቸው። ወንድማችን እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው፣ ከትራሳቸው ሥር የነበረውን ፎቶ ገልብጬ «ዘሀራ ሀምዱ፤ ውስጥ ነበሩ» ብዬ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን እኅታቸውን ትተውናል። ወይዘሮ ዘሀራ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ቤታቸው ግን አልተመለሰላቸውም። የወንድማችን ነፍስ ከአብርሃም ቤት ደጅ ስትደርስ፣ ፈጣሪ በሩን ከፍቶ «ገባ በል» ይበላቸው።