ሳይለካ የቀረው ጥቁር አጋም

ዘይነቤ፣

ከሄድሽ ዓመት አለፈ። ዓመቱ ሲያልፍ ይቀልልሃል ያሉኝ ሁሉ ዋሽተውኛል። እንዲያውም ዘንድሮ ባሰብኝ፤ አጋሙ እንደገና በሰለ፣ አንቺ ግን የለሽም።

የቤቱን ልንገርሽ። ልጅሽ ሰሚራ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረችው። ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ናት፤ ያኔ እኔ ፊቴን ወደ ስፌት መኪናዬ አዞራለሁ። እናትሽ እኛው ዘንድ ገብተዋል። ሰላት ካላደረስኩ ራት የለም ይሉኛል፤ አንቺ እንኳ እንዲህ አልጨከንሽብኝም።

ባለጁስ ቤቱ ለጥናትሽ ለቅመሽ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀመጥሽውን አጋም ከማንጎ ጋር ሊፈጨው ሲል ደርሰሽ የጮኽሽው ጩኸት እስካሁን በከሚሴ ይወራል። የባዮሎጂ መምህሯ ለአንድ ላስቲክ አጋም አበደች ተባለ። ቤት ስትገቢ ግን እየሳቅሽ ነበር፤ ያን ዕለት ነው ቁጭ አድርገሽ ያስረዳሽኝ። አረንጓዴው አጋም አፍ የሚያኮማትረው ታኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ፍሬው እየቀላ ሲሄድ ታኒኑ ይቀንሳል፣ በምትኩ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ይጨምራል አልሽኝ። ሁለቱም አንቺ አንቲኦክሲዳንት የምትያቸው፣ ሰውነትን ከጉዳት የሚጠብቁ ናቸው። ታዲያ ጥቁር እስኪሆን ብንታገሥ እናተርፋለን ወይስ እንከስራለን? ጥያቄሽ ይኸው ነበር። የእኛ ሰው ችኩል ነው፣ ቀይ ሳለ ይጨርሰዋል ትይ ነበር። እኔ ደግሞ የጣፈጠው ይሻላል፣ ይህ ምን ጥናት ያስፈልገዋል እያልኩ አበሽቅሽ ነበር።

አረንጓዴውን ለቀምሽ፤ ቀዩንም ለቀምሽ። ጥቁሩ ሊደርስ ሲል ትኩሳቱ ጣለሽ።

የማስተርስ ሥራሽን ሲያማክሩሽ የነበሩት መምህር ዘንድሮ ደወሉልኝ። ከእነዚያው ቁጥቋጦዎች የበሰለውን ብታመጣልኝ አስለክቼ ሥራዋን በስሟ እጨርሰዋለሁ፣ ከዚህ ዓመት በኋላ ግን እኔም እዚህ አልቆይም አሉኝ። ዘይነቤ፣ አንቺን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ነገርሽን ከሞት የማስመልጥ መሰለኝ።

ከጨፋ በላይ ወዳለው ተዳፋት ወጣሁ። አንቺ ለምልክት ያሰርሻቸው ክሮች ነትበው ሊበጠሱ ደርሰዋል። ቁጥቋጦዎቹ እንዳይጠፉኝ ፈርቼ ከሱቄ ቁርጥራጭ ጨርቅ ወሰድኩና በየቅርንጫፉ አሰርኩ። በእጄ የነበረው አረንጓዴ ጨርቅ ነው። የወሎ ልጅ ሆኜ ይህን አለማሰቤ!

ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚያልፍ ሰው አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ ሲያይ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። የወሊይ ቦታ ነው ተባለ። ፍሬው በረካ አለው ተባለ። ፍሬው እስኪጠቁር ጠብቄ ለመልቀም ስሄድ እናቶች የታመሙ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ይለቅማሉ፤ ቀዩንም፣ ጥቁሩንም።

ጮኽኩ። እሾሁ ሱሪዬን እየቦጨቀው መሃላቸው ገባሁ። የወሊይ አይደለም፣ የባለቤቴ ነው፣ ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ነኝ አልኩ። አንዲት አሮጊት ባለቤትህ የታለች ብለው ጠየቁኝ። ሞታለች አልኳቸው። እዚያው እሾሁ መሃል ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙልሽ፤ በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ። አብሽር ልጄ፣ ሀገምሳው ሰደቃ ሆነላት አሉኝ፤ አጋሙን ማለታቸው ነው። ያ ሁሉ ሰው አሚን አለ።

እኔ አሚን ማለት አቃተኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እኔ የፈለግሁት ጥቁሩን አጋም ነበር።

የለቀሙትን ከየነጠላቸው ጫፍ እየፈቱ መለሱልኝ። ግን ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደተለቀመ ማን ይወቀው? ቀዩና ጥቁሩ ተደባልቋል፣ ግማሹ ተጨፍልቋል። ለመምህርሽ ደወልኩ። እንዲህ ከሆነስ አይሆንም አሉኝ፤ ድምፃቸው ራሱ ተሰብሮ ነበር።

ምን ላድርግ ዘይነቤ? ሥራሽ ቀይ ላይ ቆሞ ቀረ። የአላህ ውሳኔ ነው ይሉኛል፤ እኔም አምናለሁ፤ ልቤ ግን እሺ አይልም። ልብስ እየለካሁ መሃል ላይ ስንት ብዬ እንደነበር ይጠፋኛል። ደንበኞቼ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ።

ትናንት ተመልሼ ሄድኩ። እጅ የማይደርስበት እሾህ ውስጥ አንዲት ፍሬ ተርፋ አገኘሁ፤ ጥቁር፣ ልትፈርጥ የደረሰች። አንዲት ፍሬ ለምርመራ እንደማትበቃ ደጋግመሽ ነግረሽኛል። እጄ እየደማ አወጣኋትና በላኋት። ጣፋጭ ናት። ውስጧ ምን እንዳለ ግን አላውቅም፤ ማወቅ የፈለግሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ አጋም በበሰለ ቁጥር ሰሚራን ይዤ እወጣለሁ። እናትሽ እዚህ ቆማ እንዲህ ብላ ትጠይቅ ነበር ብዬ ጥያቄሽን አንድ ሳላጎድል እነግራታለሁ። መልሱስ ካለችኝ፣ አልደረሰችበትም እላታለሁ።

ባልሽ